የሦስት በር እናት

ጥቅምት 4

ዛሬም ያው ነው። ለቤት የተመዘገቡ ሰዎችን በር አንኳኳሁ፣ ገባሁ፣ ቆጠርኩ፣ ወጣሁ።

የመጨረሻው ልብስ ሰፊ ነበር። በሩ አውራ መንገዱ ላይ ነው። አንድ ክፍል… ግማሹን የስፌት መኪናው ይዞታል። አምስት ልጅ፣ ሚስት፣ እሱ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አልጋ፣ አልጋው ላይ እናቱ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበውታል። "ደረጃ አይወጡም፤ ጉልበታቸው አልቋል" አለኝ። ጻፍኩ። አቅመ ደካማ እናት፣ ግራውንድ ያስፈልጋቸዋል፣ አንድ ክፍል ይጨመር።

ልወጣ ስል አሮጊቷ አጠር፣ አጠር፣ ረዘም አድርገው ሳሉና እግሬን አዩ። "የኔ ልጅ፣ ጫማሽ ውሃ ያስገባል" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ እውነት ነው፣ የቀኙ በጎኑ ተተርትሯል። እኔ ሳላየው! "አሰፊው። እግሩ የበረደው ሰው ሁለመናው ይበርደዋል።"

ልብስ ሰፊው ተቁነጠነጠ። "እማዬ፣ ይረፉ እንጂ!" አላቸው። እናቱን "እርስዎ" ይላል… ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው ብዬ አደነቅኩ።

ጥቅምት 7

ማዛመጃ ቀን። ራሴ ሊፈነዳ ነው።

ታናሼ ማታ ጠየቀችኝ። "ባዶ ቤት አለ፣ ቤት የሌለው ሰው አለ። አገናኝቶ መውጣት ነው፤ ምኑ ነው የሚያደክምሽ?" ወይ ታናሽ መሆን! ቤቱ አራተኛ ፎቅ፣ ሰውየው ባለ ክራንች። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ፣ ቤተሰቡ ስምንት። ሰው እንደ ቤቱ አይወለድ፣ ቤት እንደ ሰዉ አይሠራ… መሥሪያ ቤታችን ደግሞ ነጥብ ይቆጥራል። ልጅ ነጥብ አለው። ሕመም ነጥብ አለው። አቅመ ደካማ ወላጅ ከሁሉም ይበልጣል፣ ግራውንድና ትርፍ ክፍል ያስገኛል። አዲሱ ሕንፃ በኅዳር ይታደላል፤ ግራውንዶቹ ገና ሰው ይፈልጋሉ።

"ትዳር አገናኝ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር" አለችኝ።

ራሴን መቼ አገናኘሁና!

እኛም እኮ ተመዝጋቢ ነን። ሁለት እህትማማች፣ የተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ። ልጅ የለን፣ በሽተኛ የለን፣ አሮጊት የለን… ነጥብ ከየት ይምጣ?

ጥቅምት 15

ከልብስ ሰፊው ቤት ጀርባ ባለው ቅያስ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ጋ ሄድኩ። ባሏ ሞቷል። አራት ልጅ አላት፤ ምድጃው የሚያድረውም እነሱ የሚያድሩትም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ይፋጃል። አልጋው ላይ አማቷ ተኝተዋል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

"ባለቤቴ ሄደ፣ እናቱን ለኔ ተወልኝ። ምን ላድርግ? ከአማት በላይ እናት ናቸው" አለችና አለቀሰች። እኔም እንባዬ መጣ። መቼም እንባዬ ቅርብ ነው። ጻፍኩላት።

አሮጊቷ ሳሉ። አጠር፣ አጠር፣ ከዚያ ረዘም ያለ ሳል።

ትኩስ ዳቦ ልትሰጠኝ ስትል አይሆንም አልኩ። ደንብ ነው። ግን ሽታው እስከ ቢሮ ተከተለኝ።

ጥቅምት 16

ያ ሳል… የት ነው የሰማሁት?

ለሜትሮ ነገርኩት። ሜትሮ የምንለው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እንደኔ ቤት ለቤት ያጣራል፣ ግን ሜትሮውን ከቀበቶው ላይ አውልቆ አያውቅም። "አሮጊት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚስለው፤ አታካብጂ" አለኝ።

እውነቱን ይሆናል።

ጥቅምት 22

እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ቤት ነበርኩ። በዚያው ሰፈር፣ በኋላ በኩል ባለችው ጠባብ መንገድ። ሦስት ልጅ፣ እርጉዝ ሚስት፣ አንድ ክፍል። አልጋው ላይ… አዎ፣ እናቱ። ተጠቅልለዋል፣ ፀጉራቸው ብቻ ይታያል። "ጆሯቸው አይሰማም፣ አያናግሯቸው" አለኝ ገና ሳልቀመጥ። እሺ አልኩ። ሲዘንብ ስለመጣሁ ካልሲዬ ረጥቦ ስራመድ ይንጫጫል። ጽፌ ጨረስኩ፣ ተነሣሁ።

ከብርድ ልብሱ ሥር ድምፅ መጣ።

"አሁንም አላሰፋሽውም?"

ክው አልኩ። ዞር ስል ብርድ ልብሱ ዝቅ ብሏል፣ ሁለት ዓይን ጫማዬን ያያሉ። እሳቸው! የልብስ ሰፊው እናት! ሳሉም ያው… አጠር፣ አጠር፣ ረዘም። የባለዳቦዋም አማት!

ሹፌሩ ግድግዳ የሚያክል ሰው ነው። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። አሮጊቷም ቃል እንዳመለጣቸው ያን ጊዜ ነው የገባቸው፣ ብርድ ልብሱን ቀስ ብለው መልሰው ተከናነቡ።

እኔስ ምን አልኩ? "ደህና ዋሉ!" ብዬ ወጣሁ። ደህና ዋሉ! መንገዱ መሃል ቆሜ ነው ጉድ! ያልኩት፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። አንድ አላፊ ዞሮ አየኝ።

አንዲት አሮጊት፣ የሦስት ሰው እናት።

ጥቅምት 23

ሳልነግራቸው ሄድኩ። ሁልጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ደውለን ነው የምንሄደው፤ ጉዱም የተሠራው በዚህ ነው። በልብስ ሰፊው ሱቅ ገባሁና የውስጡን በር ገፋሁት።

ሦስቱም ቤት አንድ ግቢ ነው! አንዱ በር ወደ አውራ መንገድ፣ አንዱ ወደ ቅያሱ፣ አንዱ ወደ ጠባቧ መንገድ። የቤት ቁጥራቸው ሦስት፣ ግቢያቸው አንድ። በውጭ በውጭ ስዞር የኖርኩ ሞኝ! መሃሉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ እማማ ተቀምጠዋል፣ ሽንኩርት ይልጣሉ። አጠገባቸው የተቋጠረች ዘንቢል።

ሦስቱም ተሰበሰቡ። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም።

"ተበደርናቸው" አለች ባለዳቦዋ። "ሌላ ምን ልበልሽ? ባለቤቱ ግቢውን ሊያፈርሰው ነው፣ ውጡ ተብለናል። ልጆች ይዘን የት እንግባ?"

"የሚያበሏቸውስ ማናቸው?" አልኩ።

"ሁላችንም። ቁርስ ከኔ፣ ምሳ ከልብስ ሰፊው፣ ራት ከሹፌሩ።"

እማማ ግቢው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ማጀት ውስጥ ነው የሚኖሩት። የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሰው ሲያዩ ዓይናቸው ከእግር ይጀምራል። ዘንቢሏን አየኋት። ማበጠሪያ፣ መድኃኒት፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ወስፌና ክር። "እንግዳ ሊመጣ ነው" ሲሏቸው እሷን አንጠልጥለው ነው ከአልጋ አልጋ የሚዞሩት።

"እርስዎስ ምን አስገባዎት?" አልኳቸው። ተቆጥቻለሁ።

"ምን አጎደልኩ? ልጅ አልወለድኩም፤ ይኸው ሳላምጥ ሦስት ወጣልኝ" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳላቸው መጣ። "ጉልበቴ ግን ውሸት አይደለም፣ የኔ ልጅ። እሱን እውነቱን ነው የነገሩሽ።"

መቆጣት ፈልጌ አቃተኝ።

ጥቅምት 25

የእማማን ስም መዝገባችን ውስጥ ፈለግኩ። አለ! ታናሼ ገና አንደኛ ክፍል ሳትገባ የተመዘገቡ ናቸው። ከጎኑ እንዲህ ይላል፦ ብቸኛ፣ ተዛማጅ ቤት የለም። ሕንፃዎቻችን ሲሠሩ ለብቻው የሚኖር ሰው መኖሩን ያሰበ የለም፤ ትንሹም ቤት ቢያንስ ለሁለት ሰው ነው፣ ሁለቱም ዘመድ መሆን አለባቸው። ለሌላ ሰው ግራውንድ የሚያስገኙ አሮጊት ለራሳቸው ማጀት እንኳ አያስገኙም። አሥር ጊዜ አነበብኩት።

አለቃ ጋ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ… ሳቁ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

"ልብስ ሰፊው አምስት ልጅ አለው ወይስ እሱም ብድር ነው?"

"አለው።"

"አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት?"

"አዎ፣ ግን…"

"ሴትዮዋስ ምድጃ ሥር አይደለም ልጆቿን የምታስተኛው?"

"ነው፣ ጌታዬ። ግን እኮ እናት ብለው…"

"በነሱ ምክንያት ግራውንድ የቀረበት ሌላ አሮጊት ያለው ቤተሰብ አለ?"

የለም። አይቻለሁ። ግራውንዶቹ ይተርፋሉ።

"እንግዲያው ምን ላድርግሽ? እኔ ያለኝ ቤት ይኼ ነው፣ ያለኝ ሰው ይኼ ነው። ሰርዣቸው ብትይኝ እሰርዛለሁ። ልጆቹን አንቺ ጋ ልላካቸው?"

ወጣሁ። አላሰረዝኩም። ልክ ነኝ? አላውቅም… የሦስቱንም ልጆች ስም እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ጥቅምት 26

ለታናሼ ነገርኳት። መሬት ላይ እየተንከባለለች ሳቀች። "እኛም እንበደራቸዋ!" አለች። ትራስ ወረወርኩባት።

ኅዳር 3

ሦስቱም ቤት ወጣላቸው። ልብስ ሰፊው፣ ባለዳቦዋ፣ ሹፌሩ… ለየብቻ መግቢያ፣ ሁሉም ግራውንድ። ልንገራቸው ግቢው ሄድኩ። እልል አሉ፣ ተቃቀፉ። ልጆቹ ያብዳሉ። እማማም ያጨበጭባሉ።

እኔ ብቻ ወደ እማማ አየሁ። "እሳቸውስ?" አልኩ።

ልብስ ሰፊው ወደ ባለዳቦዋ ዞረ። "አንቺ አይደለሽ የምትወስጃቸው?"

"እኔ? ለሹፌሩ ይቀርባሉ ብዬ ነው እንጂ…"

"ኧረ እኔ ከልብስ ሰፊው ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል ብዬ!" አለ ሹፌሩ።

አንዱም አልዋሸም፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ሦስቱም እውነት ነው ያሰቡት ሌላው ይወስዳቸዋል ብለው! ሳሩን አይተው ገደሉን ሳያዩ… እማማ ማጨብጨቡን አቆሙ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። የኔ ቁጣ ሲመጣ አይጣል ነው። በስማቸው የተጨመረውን ክፍል ማን ሊተኛበት ነው? ነገውኑ አሰርዛለሁ አልኩ። አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ባለዳቦዋ "በተራ እንያዛቸው፤ ወር ወር" አለች። ሁሉም እሺ አሉ። ማሉ። እማማን ሳሟቸው።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ።

ኅዳር 19

ዛሬ የቁልፍ ቀን። አዲሱ ሕንፃ ሥር ስም እየጠራሁ ቁልፍ አስረክባለሁ። ፍራሽ፣ ሰሃን፣ ልጅ፣ ዶሮ… የሰው ጎርፍ። ልብስ ሰፊው መጣ፣ የስፌት መኪናውን አውርዶ ገና ከመግባቱ በትርፏ ክፍል መስኮት ሥር ተከለው። ደህና ብርሃን አላት።

"እማማስ?" አልኩት።

"ከባለዳቦዋ ጋር ናቸው። የሷ ጭነት ቀድሞ ወጣ።"

ቀጣዩ መግቢያ ሄድኩ። ባለዳቦዋ ምድጃዋን በር አላስገባ ብሏት ትታገላለች።

"እማማስ?"

"ጋቢና ነው የሚመቻቸው ብለን ከሹፌሩ ጋር…"

ሹፌሩ ጋ ሮጥኩ። ገና ሳልጠይቀው ፊቴን አየ። የያዘው ወንበር ከእጁ ወደቀ። "ልብስ ሰፊው አልወሰዳቸውም?"

አምላኬ! ተራ በተራ ያልነው… ማን ይጀምር? ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም! ስንት ዓመት ሙሉ ሰውን ከቤት ሳዛምድ፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ!

በሹፌሩ መኪና በረርን። መንገዱን ሁሉ "እናቴ፣ እናቴ" ይላል፣ እንባው ይወርዳል። የተበደራቸውን እናት። ግቢው ስንደርስ በሮቹ ሦስቱም ተነቅለዋል፣ ጣሪያው በከፊል ወርዷል፣ ሠራተኞች ቆርቆሮ ይከምራሉ። መሃሉ ላይ፣ ድሮ ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ፣ እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው አቧራ ለብሷል። ዘንቢሏ ጭናቸው ላይ ናት፣ በሁለት እጃቸው ይዘዋታል።

"መጣችሁ?" አሉን። "ማን እንደሚወስደኝ ስላልተነገረኝ የቱ ላይ ልሳፈር? ከሦስቱም መኪና እጃቸውን አውለበለቡልኝ፣ እኔም አውለበለብኩ።"

ሹፌሩ እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸው ጭንቅላቱን እየዳበሱ "ተሳሳታችሁ እንጂ አልጣላችሁኝም፤ አይዞህ" ይሉታል። አንድ ሰው እንዴት ይረሳል? ወንበር ሳይረሳ፣ መጥረጊያ ሳይረሳ…

"ወደ ቤት እንሂድ" አልኳቸው።

"የማን ቤት?"

"የኔ።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ኅዳር 20

ታናሼ አልጋዋን ለቀቀችላቸው። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ብሆን እናገር ነበር።

እማማ ዘንቢላቸውን አልፈቱም። ተቋጥራ ትራሳቸው ሥር ናት።

ኅዳር 24

ሦስቱም መጡ። አንድ ላይ፣ ዳቦና ብርድ ልብስ ይዘው። በሩ ላይ ቆመው እንደ ተቀጣ ተማሪ መሬት መሬት ያያሉ። "ተራው ከኔ ይጀምራል፣ ልወስዳቸው ነው የመጣሁ" አለ ልብስ ሰፊው።

እማማ ሁሉንም ሳሟቸው፣ ልጆቹን በየስማቸው ጠየቁ። ከዚያ አሉ፣ "ተራ የሚያዘው ለዳቦ ነው፣ ልጆቼ። ለሰው አይያዝም። ስትችሉ እየመጣችሁ ጠይቁኝ።"

ባለዳቦዋ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይቺኛዋ እንባ የእውነት ናት። ወይስ የፊተኛዋም የእውነት ነበረች?

ታኅሣሥ 2

ጫማዬ ጠፋብኝ ብዬ ቤቱን ሳምስ፣ እማማ መስኮቱ ሥር ጭናቸው ላይ አድርገውት ወስፌና ክር ይዘዋል። "ስንት ጊዜ ልንገርሽ?" አሉኝ። ተቆጡኝ ማለት ነው። ደስ አለኝ… ለምን ይሆን?

ታኅሣሥ 6

የዛሬውን ደግሞ ምን ልበለው?

ከሥራ ስገባ ቤታችን ውስጥ ሜትሮ! ወለሉን እየለካ! ታናሼ ጥግ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። አልጋው ላይ እማማ ተጠቅልለዋል፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳ።

ገባኝ።

"ሳልነግርሽ ቅጹን ሞላሁት" አለችኝ ታናሼ በሹክሹክታ። "እናታችን ብዬ። አትቆጪ… ነጥባችን ይሞላል፣ ግራውንድ ይደርሰናል። እሳቸውም ይመቻቸዋል። ማን ይጎዳል?"

ማን ይጎዳል! ይህንኑ አይደል ሦስቱም ያሉት? ይህንኑ አይደል እኔም ለራሴ ያልኩት? ነውሩ ደግሞ፣ ሜትሮ ሲለካ ዓይኔ እያየች የነበረችው ወጥ ቤት ነው… ያልተሰጠንን ወጥ ቤት። የራሴ ምኞት አስደነገጠኝ።

ሜትሮ እስክሪብቶውን አወጣ። የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ ግን ሥራ ላይ ጓደኛ አያውቅም። "እናታችሁ ናቸው?" አለ። የሚያየው እኔን ነው።

አፌን ከፈትኩ። እውነት ልናገር ነበር? ልዋሽ ነበር? እስካሁን አላውቅም። ምክንያቱም አልጋው ተንቋቋ። እማማ ወደኛ ዞሩ፣ ብርድ ልብሱን ገፈፉት፣ ቁጭ አሉ።

"አይደለሁም" አሉ። "አልወለድኳቸውም፣ አያቴም አያታቸውም አይተዋወቁም።"

"እማማ!" አለች ታናሼ።

"ተይኝ፣ የኔ ልጅ። ሦስት ጊዜ እናት ነኝ ብዬ ዋሸሁ፣ ሦስቱም ጊዜ ቀረሁ። አሁን ደግሞ እውነቱን ተናግሬ ልየው፤ ምናልባት እኖር ይሆናል።"

ሜትሮ ሜትሮውን ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፦ ሦስት ሴቶች፣ ዝምድና የላቸውም።

በደንባችን ይህ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ተዛማጅ ቤት የለም።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና "ጫማሽን ማን ሰፋልሽ? ጥሩ ሰው ነው" አለኝ።

ታኅሣሥ 7

ታናሼ ጠዋት ከእማማ ጋር አልተነጋገረችም። እማማም አላባበሏትም።

ከሥራ ስወጣ ዝናብ ወረደ፣ መንገዱ ወንዝ ሆነ። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ዳሰስኩት… ደረቅ ነው።

ገበታው ላይ ለሦስት ሰው የሚሆን ዳቦ አልነበረም። ታናሼ ኮቷን ደርባ "ልገዛ ነው" አለች፣ ወደ ማንም ሳታይ። የምትይዝበት ነገር ፈለገች፣ አጣች። "ዳቦውን በምን ልያዘው? እዚህ ቤት አንድ ደህና ዘንቢል ይጥፋ?" ብላ አጉረመረመች።

እማማ ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰደዱ።

"የኔን ውሰጂው። ባዶ ነው።"